ደብረ ማርቆስ ለሰርጋችን ለምትመጡ እንግዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰርጉ ካርድ ከተበተነ ጀምሮ ስልካችን አላረፈም። አብዛኛው ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስበነዋል። የምጽፈው እኔ ሙሽሪቷ ነኝ። የመንገዱን ነገር ግን ሙሽራው ነው የነገረኝ፤ እሱ ለሥራ ሲመላለስ ዓባይን ስንቴ እንደተሻገረ ቆጥሮ አይጨርሰውም።

ሁለታችንም ተወልደን ያደግነው ማርቆስ ነው። ብዙዎቻችሁ ከተማችንን የምታውቋት ወደ ባሕር ዳር ስታልፉ ነው። ምሳ ትበላላችሁ፣ ነዳጅ ትሞላላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። አሁን ግን እንግዶቻችን ናችሁና ሁለት ሦስት ቀን እንድትቀመጡልን እንፈልጋለን። ከታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠዋት ከተነሳችሁና መንገዱ ክፍት ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይወስዳል። በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በደብረ ጽጌ አድርጋችሁ ገርበ ጉራቻንና ጎሃ ጽዮንን ታልፋላችሁ። ከዚያ ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ደጀን ትወጣላችሁ። ደጀን ስትደርሱ ጎጃም ገባችሁ ማለት ነው። ከደጀን ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። የትኖራንና ሉማሜን እያያችሁ የምትሄዱበት ሜዳ ነው። በጥር አዝመራው ተሰብስቦ የጭድ ክምር በየደጁ ይታያል።

ጊዜ ያላችሁ ደብረ ሊባኖስ ጎራ በሉ። ገዳሙ ከዋናው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው። እናቴ በዚያ ስታልፍ ሳትሳለም ሄዳ አታውቅም።

መንገዱ ሰላም ነው ወይ?

ከሁሉም በላይ የተጠየቅነው ይህን ነው። መጠየቃችሁም ልክ ነው። ያለፉት ዓመታት ለአካባቢያችን ከባድ ነበሩ፣ የመንገዱም ሁኔታ ከቀን ቀን ይለያያል። ስለዚህ ዛሬ ላይ ሆነን «ምንም የለም፣ ኑ» አንላችሁም። ከመነሳታችሁ በፊት በዋዜማው ማታ ደውሉልን። ያን ቀን ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሾፌር ጠይቀን እንነግራችኋለን። ጠዋት ስትነሱም ድገሙ።

በቀን ብርሃን ብቻ ተጓዙ። መታወቂያችሁን ያዙ፤ ፍተሻ ላይ ወርዳችሁ በትዕግሥት ጠብቁ። «ቅሩ» ካልናችሁ ደግሞ ቅሩ። ከሰርጋችን ይልቅ የእናንተ ደህንነት ይበልጥብናል። በስልክ የምትመርቁን ምርቃትም ይደርሰናል።

በአውሮፕላን መምጣት አይቻልም?

በባሕር ዳር በኩል ይቻላል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። የሚያርፈው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ስሙ የጎጃሙ አርበኛ ስም ነው። ከባሕር ዳር ማርቆስ ግን ገና 265 ኪሎ ሜትር ያህል መኪና አለባችሁ። በመርዓዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደምበጫ ታልፋላችሁ። የመንገዱን ሁኔታ በዚህም በኩል ጠይቁን።

ይህ መንገድ ረዥም ቢሆንም ውብ ነው። ከእንጅባራ እንደወጣችሁ ዘንገና ሐይቅ ከመንገዱ ዳር አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያውን በዛፍ ተከቧል። መኪና አቁማችሁ አሥር ደቂቃ ብታዩት አትጸጸቱም።

ዓባይ በረሃን ነድተን አናውቅም። ምን እንጠንቀቅ?

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት። ከላይ ጃኬት ለብሳችሁ የጀመራችሁ ታች ድልድዩ ጋ ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ገደሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው።

ሙሽራው የሚለው ይህን ነው። ቁልቁለቱን ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ውረዱ። ፍሬን ላይ ብቻ ከተማመናችሁ ይግልና አልይዝ ይላል። ጎሃ ጽዮን ላይ የራዲያተሩን ውሃ እዩ፣ ትርፍ ውሃም ያዙ። ከባድ መኪና ፊታችሁ ካለ ታገሡት፤ ኩርባ ላይ ቀድሞ ያተረፈ የለም። ዝንጀሮ መንገድ ላይ ስለሚወጣ ልጆቹ ሙዝ በመስኮት እንዳያሳዩ።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ደጀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መኪናው ተንተከተከበት። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ። ውሃ የሰጠው የሲኖትራክ ሾፌር ነው። እስካሁን በደወለልን ቁጥር ያንን ሰው ይመርቃል።

ታች ሁለት ድልድይ ታያላችሁ። በገመድ የተያዘው አዲሱ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ነው። ከጎኑ ያለው አሮጌው ነው። ድልድዩ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አታንሡ፣ ጥበቃ አለው። ፎቶ የሚያምረው ከላይ፣ ከደጀን በኩል ነው።

በአውቶቡስስ?

ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱት ትልልቆቹ አውቶቡሶች በማርቆስ ያልፋሉ። ትኬት ስትቆርጡ «ወራጅ ማርቆስ» መሆናችሁን ተናገሩ። ቀጥታ የማርቆስ መኪናም ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ አለ። ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ስትደርሱ ደውሉ፣ ሰው እንልካለን። ከተማ ውስጥ ለሁሉም ነገር ባጃጅ አለ።

የት እናድራለን?

ከሩቅ ለምትመጡት ክፍል ይዘናል። ስማችሁን ቀድማችሁ ብቻ አረጋግጡልን። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። የእህቴ ሰርግ ጊዜ አንድ ሆቴል ለእንግዶቻችን የያዝነውን አራት ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥቶ ጠበቀን። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ሰዎቻችንን ይዘን ከተማውን ዞርን። በመጨረሻ የጎረቤቶቻችን ቤት ነው ያሳደራቸው። ዘንድሮ ቀብድ ከፍለን ደረሰኝ ይዘናል።

ሰው ቤት ማደር የምትፈልጉም ንገሩን። አክስቶቼ አልጋቸውን አንጥፈው እየጠበቁ ነው። እውነቱን ለመናገር የማርቆስን ጠዋት ማየት የሚፈልግ ሰው ቤት ይደር። ቡናው ሲቆላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ከሩቅ ሲሰማ ትነቃላችሁ።

ይበርዳል?

አዎ። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የጥር ሌሊትና ንጋት ደግሞ ቆፈን አለው። ቀን ፀሐዩ ደስ ይላል። የአዲስ አበባ ሰው አይደነግጥም፤ ከድሬዳዋና ከአዳማ የምትመጡ ግን ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ። ለተክሊሉ ጎህ ሳይቀድ ነው የምንነሳው።

ተክሊሉ ላይ መገኘት እንችላለን? ምን ዓይነት ሥርዓት አለው?

ትችላላችሁ፣ ደስም ይለናል። እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያን ድረሱ። ከቅዳሴው ጋር ስለሆነ ረዘም ይላል። ሴቶች ረዥም ቀሚስና ነጠላ፣ ወንዶችም ነጠላ ወይም ጋቢ። ነጠላ የሌላችሁ ንገሩን፤ እናቴ ጋ ትርፍ አለ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ስለዚህ ካልሲያችሁ ወፍራም ይሁን። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላው ይቆማሉ። ወደ ውስጥ የማይገባ ሰው ቅጽሩ ውስጥ ሆኖ ማስቀደስ ይችላል፤ ማንም ለምን አይልም።

ፎቶ የምታነሡት አባቶችን አስፈቅዳችሁ ነው። የእኛን ፎቶ የሚያነሣ ሰው ስላለ ስልካችሁን ኪስ ከታችሁ ብትጸልዩልን እንመርጣለን። ሌላ እምነት ያላችሁ ወዳጆቻችንም ኑ፣ ከጎናችን መቆማችሁ ይበቃናል።

ለድግሱ ምን እንልበስ?

የፈለጋችሁትን። ሱፍም ሐበሻ ቀሚስም ያምራል። ግን ከሰዓት በኋላ የሙሽራው ጓደኞች የጎጃሙን አረንጓዴ ቁምጣ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ይገባሉ። አብሮ መልበስ የሚፈልግ ወንድ ካለ ልኩን ይላክልንና ገበያ ውስጥ እናሰፋለታለን። ሴቶች፣ ተረከዘ ረዥም ጫማ ብትተዉ ይሻላል። ድንኳኑ የሚተከለው ሣር ላይ ነው።

ምን እንበላለን? የጾምስ አለ?

እሁድ ስለሆነ ፍስክ ነው። ዶሮ ወጥ አለ፣ ቀይና አልጫ ወጥ አለ፣ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ቁርጥ አለለት። እንጀራው የጎጃም ጤፍ ነው። ሥጋ የማትበሉ አትስጉ፤ ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ድንች ለብቻ ተዘጋጅቷል። ድንቹ ከጮቄ ተራራ ሥር የመጣ ነው።

ስለ አበላል አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ባለፈው የመጡ የሥራ ባልደረቦቼ ተቸግረው ነበር። እኛ ጋ አንዴ «በቃኝ» ማለት እንደ ይሉኝታ ነው የሚቆጠረው። አክስቴ መጥታ «አፈር ስሆን ብሉልኝ» ትላለች። ትጎርሳላችሁ። ተመልሳ «በሞቴ» ትላለች። እንደገና ትጎርሳላችሁ። ይህን ስለምታውቁ መጀመሪያ ሰሐናችሁን አትሙሉ። ትንሽ አንሡ፣ ቀስ ብላችሁ ብሉ፣ ለጉርሻው ቦታ ተዉለት። በእውነት ጠግባችሁ ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠገብኩ» በሉ። ከአፍ የደረሰ ጉርሻን ግን በእጅ አትመልሱ። ያጎረሰችው ሴት ታዝናለች፣ እሷ ስታዝን እኔም አዝናለሁ።

መጠጡስ?

ጠላ አለ፣ ጠጅ አለ፣ ቢራና ለስላሳ አለ። ጠላውን እናቴና ጎረቤቶቿ ናቸው የጠመቁት። ጠጁን አያቴ ናት የጣለችው፣ ማሩን ራሷ መርጣ። አረቄም ይቀርባል። የደጋ ሰው የሚሞቅበት ደረቅ አረቄ ነው፣ በትንሿ መለኪያ ነው የሚጠጣው። ለማያውቀው ሰው አንድ መለኪያ ይበቃል። የምትነዱ ሰዎች ጨርሶ አትቅመሱ። ቡናው መጨረሻ ላይ እስከ በረካ ነው፣ አትቸኩሉ።

እስክስታ አንችልም። ችግር አለው?

የለውም፣ ግን መቀመጥ አይፈቀድላችሁም። የጎጃም እስክስታ ትከሻ ላይ ነው፤ እግሩን ተዉት፣ ትከሻችሁን ልቀቁት። ልጃገረዶቹ እያዩ ያስተምሯችኋል። የማይችል ሰው መሐል ገብቶ ሲሞክር ማየት የሽማግሌዎቹ ደስታ ነው፣ እልልታውም ያኔ ነው የሚደምቀው።

አዝማሪም ይመጣል፣ ማሲንቆውን ይዞ። ይህ ለእኔ የሰርጉ ልብ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ለመማር ከየአገሩ ተማሪ ቆሎውን ቋጥሮ ወደ ዲማ፣ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ይመጣ ነበር፤ ዛሬም ይመጣል። ያ የሰምና ወርቅ ጨዋታ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ አዝማሪው አፍ ላይም ታገኙታላችሁ። አንድ ቃል ይናገራል፣ ሁለት ነገር ይሰማል። ግማሹ ሰው ሲስቅ ግማሹ ያስባል። ካልገባችሁ ከጎናችሁ ያለውን ሽማግሌ ጠይቁ፣ በደስታ ይፈታላችኋል። የራሳችሁ ግጥም ካላችሁም «ተቀበል!» ብላችሁ ንገሩት፤ በዜማ ይመልስላችኋል። ስማችሁን ጠርቶ ሲያወድሳችሁ ትንሽ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍ ማድረግ ወጉ ነው። ዝርዝር ይዛችሁ ኑ።

ዘመዶቻችሁን ምን ብለን እንጥራቸው?

በዕድሜ የሚበልጣችሁን ሁሉ «እርስዎ» በሉ። የከተማው ሰው «ጋሼ» እና «እትዬ» ይላል፣ ትክክል ነው። ከገጠር የሚመጡትን አባቶች «አያ» ብላችሁ ከስማቸው ጋር ብትጠሯቸው ፊታቸው ይበራል። አያቴን «እማሆይ» በሏት፣ መንኩሳለች። ካህናት ሲመጡ ተነሡና መስቀል ተሳለሙ። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫ ከፍ ማለት አትርሱ። «ኖር» ስትሉ «በእግዜር» ይላችኋል፣ ከዚያ በኋላ ዘመድ ናችሁ።

ሰላምታው ረዥም ነው። እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቶቹ ደህና፣ አገሩ ደህና። መሐል ላይ ወደ ጉዳይ አትግቡ። ሰላምታው ራሱ ጉዳይ ነው።

ስጦታ ምን እናምጣ?

መምጣታችሁ ይበቃል። መስጠት የፈለገ በፖስታ ቢሰጥ ይቀለናል፤ ዕቃ ይዛችሁ ዓባይን አትውረዱ።

ቅዳሜ ቀድመን ብንደርስ ከተማው ውስጥ ምን እናያለን?

ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀምሩ፤ የከተማዋ ስም የመጣው ከእሱ ነው። ከዚያ በፊት አገሩ መንቆረር ይባል ነበር። ዛሬም አዛውንቶች «መንቆረር» ሲሉ ትሰማላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ቀድሞ ራስ አዳል ይባሉ ነበር። በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ብለው ዘውድ ጫኑላቸው። ውስጡ ያሉትን ሥዕሎች ቀስ ብላችሁ እዩ።

ከዚያ ወደ ንጉሡ ቤተ መንግሥት ሂዱ፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ሙሽራው ልጅ ሆኖ በአጥሩ በኩል እያጮለቀ ያደገበት ነው፣ ስለሱ ማውራት ከጀመረ አያቆምም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እሱን አትጠይቁት፣ ሥራ አለበት። ታናሽ ወንድሙ ያስጎበኛችኋል።

ማታ ከእኛ ጋር ሁኑ። ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ዶሮ የሚገነጠልበት፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ የሚሠሩበት ሌሊት ነው። ቢላ ያዙና ቁጭ በሉ። ከሰርጉ ቀን ይልቅ ይህን ሌሊት የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። እኔ አንዷ ነኝ።

ሰኞ ባዶ ነው። የት እንሂድ?

የሰርጉ መልስ ማክሰኞ ስለሆነ ሰኞ የእናንተ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ካላችሁኝ ጮቄ እላለሁ።

ጮቄ ከማርቆስ በስተ ሰሜን ያለ ተራራ ነው፣ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። «የውሃ ማማ» የሚሉት ብዙ ወንዝ ከሱ ስለሚነሳ ነው፤ ውሃውም ዞሮ ዞሮ ዓባይ ይገባል። ወደ ሞጣ በሚያሻግረው የተራራ መንገድ በረቡዕ ገበያ በኩል ትወጣላችሁ። እየወጣችሁ ስትሄዱ ጤፉ ይቀርና ገብስና ድንች ይጀምራል፣ ከዚያ ገብሱም ይቀርና ጅብራ ብቻ ይቆማል። ጅብራ ከሩቅ ሲታይ ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው ይመስላል። ጭጋግ ውስጥ ስታዩት በእውነት ሰላም ልትሉት ይቃጣችኋል። እረኞቹ ልጆች ያነጋግሯችኋል፤ በቆሎ ወይም ዳቦ ብታካፍሏቸው ደስ ይላቸዋል።

ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። ሙሉ ቀን መድቡ፣ ውሃና ምግብ ያዙ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መመለስ ጀምሩ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ አትውጡ። እኛ እናገናኛችኋለን። መንገዱ የማይመች ቀን ከሆነም እንነግራችኋለን፤ ያን ቀን ከተማው ውስጥ ቡና እንጠጣለን።

ገዳም ለሚወዱ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከደጀን በቢቸና የሚያልፈው መንገድ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ወደ ደብረ ወርቅ ማርያምና ወደ መርጡለ ማርያም ይወስዳል። መርጡለ ማርያም ላይ የንግሥት እሌኒን ዘመን ሕንፃ ፍርስራሽ ታያላችሁ። ይህ ግን በአንድ ቀን አይጠገብም። ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ አንድ ቀን ጨምሩለት።

ከሰርጉ በኋላ ባሕር ዳር መቀጠል እንፈልጋለን። ምን ትመክሩናላችሁ?

ጣናን ለማየት ጠዋት ጀልባ ያዙና ዘጌ ሂዱ። በቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ትሄዳላችሁ፣ ሴትም ወንድም ይገባል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አያስገቡም፤ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን እወቁ። ሐይቁ ላይ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ታያላችሁ። ምሳችሁን ዓሣ ብሉ፤ የዓሣ ዱለት ያልበላ ሰው ባሕር ዳር ደረስኩ አይበል።

ስለ ጢስ ዓባይ እውነቱን ልንገራችሁ። ፏፏቴው ግርማ ያለው ከክረምት እስከ ጥቅምት ኅዳር ነው። በጥር ውሃው ይቀንሳል። መብራት ለማመንጨት የሚሄደውም አለ። ልጆቹ ብዙ ጠብቀው እንዳያዝኑ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ግን በየትኛውም ወር ያምራል። ከተማው ውስጥ በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ማታ በመብራቱ እዩት።

ቀናችሁ ከገጠመ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ያጌጡት ፈረሶች በአንድ ሜዳ ሲሰለፉ አባቴ ሁልጊዜ ዓይኑ እንባ ይሞላል። ከማርቆስ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው።

ጸበል የምትፈልጉ ደግሞ ሰቀላ፣ ግሽ ዓባይ አለላችሁ። የዓባይ ምንጭ የሚባለው እዚያ ነው። ያን ሁሉ ገደል የቆረጠው ወንዝ እንደ ጉድጓድ ከምትታይ ምንጭ ሲነሳ ታያላችሁ። ምእመኑ የሚቀርበው ጫማ አውልቆና ምግብ ሳይቀምስ ነው፣ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ለቤት ምን ይዘን እንመለስ?

ጤፍ። ማኛውን። ከዚያ ማርና ቅቤ። ቅቤ ስትገዙ አክስቴን ይዛችሁ ሂዱ፤ አሽታ ታውቀዋለች። በርበሬ ከፈለጋችሁ የቡሬ አካባቢ በርበሬ ጥሩ ነው። በእንጅባራ የምታልፉ የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት በመንገዱ ዳር ታገኛላችሁ፤ እኛ ቤት ያለው ስንት ዓመት ተቀምጠንበት ዛሬም አልላላም።

ብር በእጅ እንያዝ?

ባንክና ኤቲኤም ከተማው ውስጥ አሉ። ግን ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ቴሌብርም ያን ጊዜ አይሠራም። ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ብር ያዙ።

ልጆች ይዘን መምጣት እንችላለን?

ይዛችኋቸው ኑ! የእኛ ሰፈር ልጆች ዳሱ ዙሪያ ናቸው፣ አብረው ይውላሉ። ሹራብ ብቻ አትርሱላቸው። መንገድ ላይ ሆዳቸው እንዳይረበሽ የታሸገ ውሃ ስጧቸው።

ሥራ አለን። እሁድ ማታ ብንመለስ ትቀየማላችሁ?

አንቀየምም። ሥራ ሥራ ነው፣ እናውቃለን። ሁለት ነገር ግን እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ ማታ አትነሡ። ዓባይ በረሃ በጨለማ አይወረድም። እሁድ እደሩና ሰኞ በጠዋት ሂዱ።

ሁለተኛው ይህ ነው። ከቻላችሁ ማክሰኞን ቆዩ። መልሱ እኛ ቤት ነው። ያን ቀን ድንኳን የለም፣ ማይክራፎን የለም። ሙሽራውና እኔ ካባ ለብሰን እንገባለን፣ ከዚያ ካባው ይወልቅና ከእናንተ ጋር እንቀመጣለን። እሁድ ሰው ብዙ ነው፣ ስማችሁን ጠርቼ ላጫውታችሁ አልችልም። ማክሰኞ ግን እችላለሁ። አያቴ የጣለችው ጠጅ ትልቁ ጋን የሚከፈተውም ማክሰኞ ነው፣ አትነካኩት ብላናለች።

መቼም ተነሡ መቼ፣ ሳትሰናበቱ አትሂዱ። እናቴ ለየአንዳንዱ መኪና ድፎ ዳቦ ደፍታ ቆሎ ቆልታ ትጠብቃለች። ስንቁን ሳትይዝ የወጣች መኪና ካለች ባጃጅ አስይዛ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ታስከትልባታለች፤ በእህቴ ሰርግ አድርጋዋለች።